አባልነትና አፓርታይድ፦ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የገጠመው ጥያቄ

የአዲስ አበባ ነዋሪ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንን ይበልጥ ያወቀው «ብሥራተ ወንጌል» በተባለው የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፍቶ በ1977 በወታደራዊው መንግሥት እጅ ገባ። በዚያው በ1977 ፌዴሬሽኑ በዳሬሰላም ጉባኤውን ሲያካሂድ ግን ጣቢያውን ከማጣት የከበደ ጥያቄ ከፊቱ ተደቅኖ ነበር፤ ይኸውም አንድ አባል ከጨቋኝ ሥርዓት ጋር ተስማምቶ ሲኖር ማኅበሩ ምን ማድረግ ይገባዋል? የሚለው ነው።

የጥያቄው ሥር ያለው በናሚቢያ ነው። ብዙ ሕዝቧ ሉተራን የሆነው ይህች አገር በደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ዘመን፣ ከሰሜኑ የሚመለመለው ጥቁር ወዝአደር ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ በኮንትራት ወደ ማዕድን ጉድጓድና ወደ ነጮች እርሻ ይወርድ ነበር። አሠሪውን አይመርጥም፤ ኮንትራቱ ሳያልቅ ሥራውን መተውም ወንጀል ነበር። የዓለም ፍርድ ቤት በሰኔ 1971 የደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው የሚል አስተያየት በሰጠ በዘጠነኛው ቀን፣ የሁለቱ ጥቁር ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ሊዮናርድ አዋላና ፓውሉስ ጎዋሴብ ለጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ቤተሰብን የሚበትነውን የኮንትራት ሥርዓት ጭምር በስሙ ጠርቶ አወገዘ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ የኮንትራት ሠራተኞች አድማ መቱ። ደብዳቤው ብቻውን አድማውን ወለደ ማለት አይደለም፤ ወዝአደሩን ያንቀሳቀሰው የገዛ ኑሮው ነው። ይሁንና ጨቋኙ ወገን የቤተ ክርስቲያኒቱን ሚና ሳይረዳው አልቀረም ያሰኛል፤ በኦኒፓ የነበረው ማተሚያ ቤቷ በ1973 በፈንጂ ወድሟል።

በዚያችው ምድር በዚያው የእምነት መግለጫ የሚምሉ የነጮች ሉተራን አብያተ ክርስቲያናትም ነበሩ፤ የሚሰበሰቡት ግን ለብቻቸው ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረው ቅራኔ በዲፕሎማሲ ቃል የሚሸፈን አልነበረም። የዳሬሰላሙ ጉባኤ አፓርታይድን መቃወም የእምነት ጉዳይ ነው ብሎ ሲወስን የመከላከያ በሩን ዘጋው። በፖለቲካ አመለካከት አባላት ቢለያዩ ማኅበር አይፈርስም፤ ጉዳዩ የእምነት ነው ከተባለ ግን «የየራሳችን አስተያየት አለን» ማለት አያዋጣም። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የታንዛኒያው ጆሳያ ኪቢራ የተመረጡትም በዚሁ ጉባኤ ነው።

ውሳኔው ሥራ ላይ እስኪውል ሰባት ዓመት ፈጀ። በ1984 በቡዳፔስት፣ አንዱ በደቡብ አፍሪካ ሌላው በናሚቢያ የነበሩ ሁለት የነጮች አብያተ ክርስቲያናት ከአባልነት ታገዱ። ለምን ይህን ያህል ዘገየ? እ.ኤ.አ. በ1947 በስዊድን ሉንድ ከተማ ሲመሠረት ጀምሮ ፌዴሬሽኑ የየአባሉን ነጻነት ያከበረ ማኅበር ነው፤ በአባል ላይ የሚያዝ አለቃ አይደለም። ከዚህም ሌላ የታገዱት ወገኖች በቄስም በገንዘብም ከጀርመን ቤተ ክርስቲያን ጋር የተሳሰሩ ሲሆኑ፣ ጀርመኖች ከዋነኞቹ አዋጪዎች መካከል ናቸው። በቀበሌ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻውም፤ ብዙ መዋጮ ያለው አባል ሲነካ የአዳራሹ ድምፅ ዝቅ ይላል።

የገንዘቡን ነገር አስቀድሞ በግልጽ ያነሣው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ነው። በ1959 ተመሥርቶ በ1963 የፌዴሬሽኑ አባል የሆነው ይህ ድርጅት፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊው በነበሩበት በ1972 ለጄኔቫው ጽሕፈት ቤት በጻፈው ሰነድ፣ ለጋሾች ሰውን ሥጋና ነፍስ ብለው ከፍለው የእርዳታውን ዓላማ ብቻቸውን መወሰናቸውን ነቀፈ። ዛሬ መካነ ኢየሱስ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ምእመናን ይዞ በፌዴሬሽኑ ውስጥ በብዛት የመጀመሪያው ነው። የሚበዛው ገንዘብ ግን አሁንም የሚመጣው ከሰሜኑ ክፍል ነው፤ በምእመናን ቁጥርና በገንዘብ ሚዛን መካከል ያለው ልዩነት አልተዘጋም።

ናሚቢያ በ1990 ነጻነቷን ተቀዳጀች። ፌዴሬሽኑ በ2017 በዋና ከተማዋ በዊንድሁክ ጉባኤውን ሲያካሂድ፣ እንግዶቹን የተቀበሉት የአገሪቱ ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት በቁጥር አሁንም ሦስት ነበሩ።