የእህት ላብ እና ግራፊክስ ካርድ



ሰሞኑን ከመግሪብ በኋላ አንድ የቆቦ ልጅ መስጂድ በር ላይ ጠብቆ አስቆመን። ለጌም ኮምፒውተሩ ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ አስቧል። «ሐራም ነው እንዴ ኡስታዝ?» አለን።

«ገንዘቡ የማን ነው?» አልነው።

«እህቴ ከሪያድ የላከችው ነው።»

«ምን ልትገዛበት እንደሆነ ታውቃለች?»

አንገቱን ደፋ። «ለትምህርት ነው ብያታለሁ።»

ወንድሞቻችን! ይህን የምንጽፈው በዚህች መልስ ምክንያት ነው።

ቁማርና ነውር የሌለበት፣ ሶላት የማያስረሳ ጨዋታ ላይ ዱላ አናነሳም። ካርዱም ለጌም ብቻ አይደለም፤ ቪዲዮ የሚያቀናብርና ዲዛይን የሚሠራ ወጣት እንጀራ ይበላበታል። የእኛ ጭንቀት ሌላ ነው፦ አማና እና ልክ።

ከራያ ቆላ ወደ ሳውዲ ሰው ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነው። እህት በሰው ቤት ስታጥብና ስትጠርግ ውላ የላከችው ገንዘብ አማና ነው። እውነቱን ንገራት። «ለጌም ነው» ብለሃት «ግዛ» ካለችህ በደስታ ግዛ። ለመናገር ካፈርክ ግን መልሱን ከኛ አትጠብቅ፤ እፍረትህ መልሶልሃል።

ወደ ልኩ እንምጣ። በጥቅምት 2015 ለገበያ የቀረበው አርቲኤክስ 4090 በአሜሪካ መነሻ ዋጋው 1,599 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ለውጥ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ100 ብር ብቻ እንኳ ብናሰላው ወደ 160,000 ብር ይጠጋል፤ ያውም ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር። ካርዱ ብቻውን እስከ 450 ዋት ይበላል፤ 850 ዋት ፓወር ሰፕላይም ይፈልጋል። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ነው። በቆቦ የቀትር ፀሐይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ቤት ይህን ማስገባት ምን ይባላል? ስክሪንህ ተራ ፉል ኤችዲ ከሆነ 170 ዋት የሚወስደው አርቲኤክስ 3060 ለአብዛኛው ጨዋታ ይበቃሃል። ከዚያ በላይ ያለው ለጓደኛ ማሳያ ከሆነ ስሙ ኢስራፍ ነው።

ያገለገለ ካርድ የምትገዛ ከሆነም ተጠንቀቅ። ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት እልፍ ካርዶች ሌት ተቀን ሲሠሩ ኖረዋል። በመስከረም 2015 ኢቴሪየም አሠራሩን ሲቀይር ብዙዎቹ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ፈሰሱ። ሁሉም ተበላሽተዋል አንልም፤ ግን ፋናቸው የደከመ፣ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባታቸው የደረቀ አለ። በቆቦ የከብት ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ፣ ሳያስኬደው ብር አይቆጥርም። አንተም ካርዱን ከባድ ጌም ላይ ግማሽ ሰዓት አሠራው፤ ሙቀቱን እይ፣ የፋኑን ድምፅ ስማ። ሻጭ ወንድማችን ሆይ፣ አንተም ዐይቡን የምታውቀውን ዕቃ «አዲስ ነው» ብለህ አትሽጥ። ደብቀህ ያገኘኸው ትርፍ በረካ የለውም።

ያን ልጅ «መጀመሪያ ደውልላት» ብለን ሸኘነው። መደወሉን ገና አልሰማንም። እናንተም በሰው ላብ የምትገዙት ነገር ካለ ዛሬ ማታ ደውሉ፤ ዕቃው ነገም ገበያ ላይ አለ፣ የተሰበረ እምነት ግን ተፈልጎ አይገኝም።

ወላሁ አዕለም።