የመኪናችን የደም ሥር

«ነርስ ስለ መኪና ምን አገባት?» የምትሉኝ አትጠፉም። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው የደም ግፊት ስለካ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ በግፊት ስለሚሄድ ፈሳሽ ጥቂት ለማውራት ድፍረቱ አለኝ።

ፍሬን ስንረግጥ እግራችን የሚገፋው ፖምፓው ውስጥ ያለውን የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከእርሳስ በቀጠነ የብረት ቱቦ በመኪናው ሆድ ሥር አልፎ ጎማዎቹ ዘንድ ይደርሳል፤ ሸራውን ገፍቶ መኪናውን ያቆማል። የጤነኛ ሰው የላይኛው የደም ግፊት 120 ገደማ ነው እንላለን። በድንገት ፍሬን ሲያዝ በዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ግን ከዚህ ከ500 እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ዝገት የበላው ቱቦ የሚፈነዳውም በዚያች በምታስፈልገን ቅጽበት ነው።

ዝገቱ የሚጀምረው ከውጭ ነው። የክረምት ጭቃ ቱቦው በተያዘበት ማቀፊያ ሥር ገብቶ እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል። ጨው በሚነሰነስበት በረዷማ አገር ወይም በባሕር ዳርቻ ቆይተው የመጡ አሮጌ መኪኖች ደግሞ ችግሩን ይዘውት ይገባሉ።

የእኛም 30 ዓመት ያለፋት መኪና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ቱቦዋ ተልጦ፣ ረጥቦ ተገኘ። ያን ሰሞን ደጀን ለቅሶ ነበረብን። መካኒኩ «ማዘር፣ የተበላውን ቆርጠን በላስቲክ እናያይዘዋለን፤ ለነገ ይደርሳል» አለኝ። ልጄም «እማዬ፣ ፍሬኑ እኮ ይይዛል» ሲል አገዘው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከኋላ የሚቀመጡትን የልጅ ልጆቼንም አሰብኩና እምቢ አልኩ። ለቅሶው በአውቶቡስ ተደረሰ። ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ ኩርፊያ ይድናል።

«ይይዛል» ያለው እውነት ነው። በአብዛኛው መኪና ፍሬኑ በሁለት መስመር የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ቢፈስ ሌላው ይሠራል። ነገር ግን ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀትም ይረዝማል። ቁልቁለት ላይ ያ ርቀት ከየት ይመጣል?

ትክክለኛው ሥራ ቱቦውን ከመገጣጠሚያ እስከ መገጣጠሚያ ሙሉ በሙሉ መለወጥ ነው። ለፍሬን ተብሎ የተሠራ፣ ዝገት መከላከያ የተቀባ ብረት ወይም ከመዳብና ከኒኬል የተቀላቀለ ቱቦ ይሁን። ጫፉ በመሣሪያ በደንብ ይከፈት፤ መታጠፊያው የቀድሞውን ይከተል፤ ማቀፊያዎቹ ሁሉ ይመለሱ፤ ከማርሚታውም ይራቅ። አንዱ ከዛገ፣ እኩዮቹ የሆኑት ሌሎች ቱቦዎችም ይታዩ።

ከዚያ አየር ማውጣት አለ። መርፌ ከመውጋታችን በፊት ስሪንጁን ወደ ላይ ይዘን አየሩን እንደምናስወጣው ማለት ነው። ዘይት በግፊት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። በቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። የወጣው ዘይት ተመልሶ አይጨመር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ሲያረጅ በቶሎ ይፈላል፤ በየ2 ዓመቱ ገደማ መለወጡ ጥሩ ነው። ዶት 3 ይሁን ዶት 4፣ የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። የሞተር ዘይት በፍጹም እንዳይነካው፤ ጎማ ነክ ክፍሎቹን ያበላሻል።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ ተነሥቶ አንድ ሰው ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ፤ መካኒኩም መገጣጠሚያዎቹ ደረቅ መሆናቸውን ይይ። የመጀመሪያው ሙከራ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ ይሁን።

እናንተ ቤት ሆናችሁ የምታዩት ይህን ነው፦ የዘይቱ መጠን ቀንሷል? መኪናው ባደረበት መሬቱ ረጥቧል? ፔዳሉ ከወትሮው በላይ ይወርዳል? አንዱ እንኳ ካለ አትንዱት፤ መካኒክ ወዳለበት ቦታ አትውሰዱት፣ መካኒኩን ጥሩት። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ደግሞ ማንም አይግባ። እጥበት ቤትም ከታች ናፍጣ እንርጭ ሲሏችሁ ይቅር በሉ፤ የፍሬኑን የጎማ ቱቦ ይጎዳል፣ የሚፈሰውንም ዘይት ይሸፍንባችኋል።