የሁሉም ግቢ

አንዳንዱ መንገደኛ የደረሰበትን ከተማ ለማወቅ ሲሻ አስቀድሞ ወደ ገበያው ይሄዳል፤ ሌላው ቤተ መንግሥቱንና ሐውልቶቹን ይጎበኛል። እኔ ግን አንድ ከተማ ለነዋሪዎቹ የሚሰጠውን ክብር በትክክል የሚገልጸው መናፈሻው ነው እላለሁ። ገበያ ገንዘብ ላለው፥ ቤተ መንግሥት ሥልጣን ላለው ነው፤ መናፈሻ ግን ምንም ለሌለውም ሰው መሆን አለበት። ይህን አስተያየቴን ያጠናከረልኝ፥ ከዚያም ቆም ብዬ እንድመረምረው ያስገደደኝ፥ በኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው በሴንትራል ፓርክ ውስጥ በአንድ የጸደይ ማለዳ ያደረግሁት የእግር ጉዞ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜው የሚያዝያ ወር አጋማሽ ነበር። በእኛም የወቅቶች አከፋፈል ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ የአበባ ወራት ሲባል የእኛ ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚሮጠው ወደ መስከረምና ወደ አደይ አበባ ነው። በዚያ አገር ግን ዛፎቹ በብርዱ ወራት ቅጠላቸውን አራግፈው እንደ ደረቅ እንጨት ቆመው ስለሚከርሙ፥ ጸደይ ሲመጣ ለሰዎቹ ከሞት የመነሣት ያህል ነው። የቼሪ ዛፎች ቅጠል ከማውጣታቸው በፊት ነጭና ፈዛዛ ሮዝ አበባ ለብሰው ሲታዩ፥ የማያውቃቸው መንገደኛ ሌሊቱን በረዶ የጣለባቸው ሊመስለው ይችላል።

ከንጋቱ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፥ በደቡብ በኩል ባለው በ59ኛው ጎዳና መግቢያ ገባሁ። በር ላይ የቆመ ዘበኛ አልነበረም፤ ከየት መጣህ፥ ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝም፥ ገንዘብ ክፈል ያለኝም የለም። ጥቂት እንደ ተራመድሁ የከተማው ጩኸት ከኋላዬ እየራቀ ሄደ። በመናፈሻው ውስጥ የሚዞረው ሰፊ መንገድ ከ2018 ዓመት ሰኔ ወር ጀምሮ ለግል መኪና የተዘጋ በመሆኑ፥ የሚሰማው የሯጮች የእግር ኮቴና የወፎች ዝማሬ ብቻ ነበር።

ሯጮቹን ባየሁ ጊዜ የአገሬን ልጆች ማስታወሴ አልቀረም። የኒውዮርክ ማራቶን በ1970 ሲጀመር ውድድሩ በሙሉ የተካሄደው በዚሁ መናፈሻ ውስጥ ነበር፤ ዛሬም የሩጫው ፍጻሜ እዚያው ነው። ተስፋዬ ጅፋር በ2001፥ ደራርቱ ቱሉ በ2009፥ ገብረ እግዚአብሔር ገብረ ማርያም በ2010፥ ፍሬሕይወት ዳዶ በ2011፥ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2018 የድሉን ክር የበጠሱት በእነዚሁ ዛፎች መካከል ነው። ስለዚህ ስፍራው ለእኔ ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም።

ወደ ሰሜን እየተጓዝሁ ኤልም የሚባሉ ታላላቅ ዛፎች በግራና በቀኝ ተሰልፈው ቅርንጫፎቻቸውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ካጋጠሙበት ሰፊ መንገድ ደረስሁ። በአግዳሚ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ልብ ብዬ ተመለከትሁ። አንድ አዛውንት ጋዜጣ ያነብባሉ፤ አንዲት ሞግዚት ሕፃን በጋሪ እየገፋች ታንጎራጉራለች፤ የሌሊት ሥራውን የጨረሰ የሚመስል አንድ ሠራተኛ የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ ዐይኑን ጨፍኖ ፀሐይ ይሞቃል። ከእነርሱ አጠገብ ውድ ልብስ የለበሰ ሰው ውሻውን ይዞ ያልፋል። ከእነዚህ ሁሉ ስፍራው ለማን እንደሚገባ ለይቶ መናገር የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። የመናፈሻ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ በሌላ ስፍራ የማይገናኙትን ሰዎች በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ያስቀምጣቸዋል።

ብዙ ጎብኚዎች ይህ ስፍራ ከተማው ሲሠራ ሳይነካ የተረፈ ደን ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከጥንቱ አለት በቀር የሚታየው ሁሉ ከሞላ ጎደል የሰው እጅ ሥራ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የኒውዮርክ ሕዝብ በፍጥነት ሲጨምር፥ በ1811 የወጣው የመንገድ ፕላን ለሕዝብ መናፈሻ የተወው ቦታ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፥ ነዋሪዎች ንጹሕ አየር ለማግኘት ዛፍ ወዳለባቸው መካነ መቃብሮች እስከ መሄድ ደርሰው ነበር። ስለሆነም በ1853 መሬቱ ለመናፈሻ እንዲውል በሕግ ተወሰነ። በ1858 ለውድድር ከቀረቡት 33 ንድፎች መካከል የፍሬደሪክ ሎው ኦልምስቴድና የካልቨርት ቮክስ ንድፍ ተመረጠ። ረግረጉ ተደልድሎ ሐይቅ ሆነ፤ ለም አፈር ከሌላ ስፍራ ተጓጓዘ፤ ዛፍ ተተከለ። መናፈሻውን አቋርጠው የሚያልፉት አራት መንገዶች ከመሬቱ ወለል ዝቅ ተደርገው ስለ ተቆፈሩ፥ በላይ የሚንሸራሸረው ሰው ከበታቹ ተሽከርካሪ የሚያልፍ መሆኑን አያስተውልም። ስፋቱ 341 ሄክታር፥ በቀድሞው የእኛ መለኪያ ስምንት ጋሻ ተኩል ያህል ነው።

ኦልምስቴድ ይህን ሐሳብ ያዳበረው በጉዞ መሆኑን ማንሣት ያስፈልጋል። በ1850 በእንግሊዝ አገር በእግሩ ሲዘዋወር በርክንሄድ በምትባል ከተማ፥ ሀብታምና ድኻ ሳይለይ ለሁሉም የተከፈተ መናፈሻ አየ። በእርሱ አገር ተመሳሳይ ነገር አለመኖሩም ከነከነው። እንግዲህ መንገደኛ ያየውን አድንቆ ብቻ ከተመለሰ ትርፉ ወሬ ነው፤ ያየውን ለወገኑ በሚጠቅም መልኩ ከሠራበት ግን ጉዞው ትምህርት ይሆናል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «በከተማ ውስጥ መሬት ውድ ነው። መኖሪያ ቤት፥ ውኃና የሕክምና ጣቢያ ለሚያስፈልገው ሕዝብ ዛፍና ሣር ምን ይፈይዳል? መናፈሻ የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። አነጋገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ቅንጦት የሚሆነው ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ባለ ጸጋ የራሱ ግቢ፥ በግቢውም ውስጥ የራሱ ዛፍ አለው፤ የከተማው መናፈሻ ቢጠፋ የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው። ከነቤተ ሰቡ በአንዲት ክፍል ለሚኖር ሰው ግን፥ ልጁ የሚሮጥበት፥ ሽማግሌ አባቱ ፀሐይ የሚሞቅበት፥ ተማሪ መጽሐፉን ይዞ የሚቀመጥበት ግቢ መናፈሻው ነው። ስለዚህ መናፈሻ ከቤት ጋር የሚወዳደር ሳይሆን የጠባብ ቤት ማሟያ ነው።

ሐሳቤ እስከዚህ ድረስ በቀና መንገድ ሲጓዝ ቆየ። ሐይቁን አልፌ፥ በዕይታ መነጽር ወፍ የሚያዩ ሰዎችን ትቼ፥ ወደ ምዕራቡ ጠርዝ ብቅ ስል ግን አንድ የማብራሪያ ሰሌዳ አስቆመኝ። ስፍራው ከ82ኛው እስከ 89ኛው ጎዳና ባለው መካከል ነው። ሰሌዳው በዚያ ሴኔካ ቪሌጅ የምትባል መንደር እንደ ነበረች ይናገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1825 አንድሩ ዊልያምስ የተባለ ጫማ በመጥረግ የሚተዳደር የ25 ዓመት ጥቁር ወጣት በ125 ዶላር ሦስት ቁራጭ መሬት ገዛ። ሌሎችም ተከተሉት። በዚያ ዘመን በኒውዮርክ ጥቁር ሰው ለመምረጥ ቢያንስ 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት እንዲኖረው ሕጉ ያስገድድ ስለ ነበር፥ መሬት ማለት ጎጆ መቀለሻ ብቻ ሳይሆን የዜግነት ማረጋገጫ ጭምር ነበር። መንደሯ በ1855 ወደ 225 የሚጠጉ ነዋሪዎች፥ ሦስት አብያተ ክርስቲያናትና አንድ ትምህርት ቤት ነበሯት። ከነዋሪዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጥቁሮች፥ የቀሩትም በአብዛኛው ከአየርላንድ የመጡ ነበሩ። የጊዜው ጋዜጦች ግን እነዚህን ባለ ርስቶች መሬት የወረሩ ሰፋሪዎች እያሉ ይጽፉባቸው ነበር። ቤት ከመፍረሱ በፊት ስም ይፈርሳል ማለት ይህ ነው። በ1857 መንደሯ ፈረሰች። ባለ ንብረቶቹ ካሣ ቢከፈላቸውም ብዙዎቹ አነሰን ሲሉ አቤት ብለው ነበር። በጠቅላላው ለመናፈሻው ሲባል 1600 ያህል ሰዎች ከመኖሪያቸው ተነሥተዋል።

ከሰሌዳው ፊት ለፊት ቆሜ ሳነብብ አንድ ጥቁር አዛውንት አጠገቤ መጥተው ቆሙ። በትሕትና ሰላምታ ካቀረብሁላቸው በኋላ ስለ ስፍራው ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። በዚህ መናፈሻ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጫወቱ እንዳደጉ፥ የመንደሯን ታሪክ የሰሙት ግን ከሸመገሉ በኋላ እንደ ሆነ ነገሩኝ። ከዚያም ወደ ሣሩ ተመልክተው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ።

የሚጠይቅ ሰው ይኖራል፤ «የሚሊዮኖች ደስታ የ225 ሰዎችን ኀዘን አይክስምን?» እኔ አይክስም እላለሁ። ጥቅም በደልን የሚደመስሰው ባለ ጥቅሙና ተበዳዩ አንድ ሰው ሲሆኑና ተበዳዩም ሲፈቅድ ነው። እዚህ ግን ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች፥ ፍሬውን የበሉትም ሌሎች ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህን ስል ግን መናፈሻው ባልተሠራ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። ያን ማለዳ ፀሐይ ሲሞቅ ያየሁት ሠራተኛ መቀመጫውን ሊያጣ አይገባም። መሠራቱ ጥሩ ነበር፤ አሠራሩ ግን በደል ነበረበት። ሁለቱንም እውነቶች አንድ ላይ መያዝ ከባድ ቢሆንም፥ አንዱን ለማዳን ሲባል ሌላውን መደበቅ አይገባም። ለ140 ዓመታት ያህል የተደረገው ግን ይኸው መደበቅ ነበር። የመንደሯ መታሰቢያ ጽሑፍ የቆመው በ2001 ነው፤ በ2011 ተመራማሪዎች ቦታውን ቆፍረው የነዋሪዎቹን ዕቃዎች አገኙ፤ የማብራሪያ ሰሌዳዎቹም የተተከሉት በ2019 ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። የጋራ የሆነ ነገር የሚጠፋው ጠላት ሲመጣበት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም የሌላው ሥራ ነው ብሎ ሲተወውም ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ከተማው በገንዘብ ችግር ላይ በወደቀ ጊዜ ይህ መናፈሻ ሣሩ አቧራ ሆኖ፥ ግድግዳው በቀለም ተዥጎርጉሮ፥ ሰው በሥጋት የሚያልፍበት ስፍራ ሆኖ ነበር። በ1980 ዜጎች ማኅበር አቋቁመው ከከተማው አስተዳደር ጋር መሥራት ባይጀምሩ ኖሮ ዛሬ ያየሁትን ባላየሁ ነበር። ያን ማለዳ አንዲት አትክልተኛ ተንበርክካ በአበባው ሥር የወደቀውን የከረሜላ ልጣጭ አንድ በአንድ ስትለቅም አይቻታለሁ። ንድፍ አውጪዎቹ ስማቸው በመጽሐፍ ይኖራል፤ መናፈሻውን በየቀኑ እንደ አዲስ የምትሠራው ግን እርሷ ናት።

በእኛም አገር በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መናፈሻዎች እየተሠሩ ናቸው። ይህ የሚያስደስት ነው። ሆኖም አንድ መናፈሻ በውበቱ ብቻ እንዳይመዘን አደራ እላለሁ። ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡለት። በአንዲት ክፍል የሚኖረው ሰው ያለ ሐሳብ ይገባበታልን? ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚንከባከበው ማን ነው? ከመሠራቱ በፊት በዚያ የኖሩት ሰዎችስ የተገባቸውን ካሣ አግኝተዋልን፥ ስማቸውስ ይነሣልን? ሦስቱንም በአዎንታ የሚመልስ መናፈሻ በእውነት የሁሉም ግቢ ነው። አንዱን እንኳ መመለስ የማይችል ግን፥ አበባው ምንም ያህል ቢያምር፥ ገና ሥራው አላለቀም።

ፀሐይዋ ከሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎቹ በላይ ስትወጣ ከመናፈሻው ወጣሁ። አዛውንቱ ግን አሁንም ከሰሌዳው አጠገብ ነበሩ፤ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ሆነው ጽሑፉን በጣታቸው እየጠቆሙ ያነብቡላት ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው በመናፈሻ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ በምን ምክንያት ውድቅ አደረገው? ምክንያቱ በቂ ነው ትላላችሁን?
2. «ቤት ከመፍረሱ በፊት ስም ይፈርሳል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
3. «መሠራቱ ጥሩ ነበር፤ አሠራሩ ግን በደል ነበረበት» በሚለው አስተያየት ላይ በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።
4. በምትኖሩበት አካባቢ ለሁሉም የተከፈተ አንድ ስፍራ መርጣችሁ፥ በመጨረሻው ላይ በቀረቡት ሦስት ጥያቄዎች እየመዘናችሁ ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።