ሃምሳ ኪሎ ሜትር መስመር ማን ያስምር?

ጤፍ በመስመር ይዘራ ሲባል፣ ማሳው ላይ ቆሞ ስሌቱን የሠራው ማን ነው? ምክሩ በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን ይላል። አንድ ሄክታር መቶ ሜትር በመቶ ሜትር ነው፤ ስለዚህ መቶ መቶ ሜትር የሚረዝሙ 500 መስመሮች ይወጡታል። ሲደመር 50 ኪሎ ሜትር! በዚያ ላይ ለሄክታር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ዘር ይበቃል ተብሏል። 5 ኪሎውን ለ50 ኪሎ ሜትር ብናካፍለው ለአንድ ሜትር የሚደርሰው የግራም አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 250 ፍሬ ገደማ ነው። ይህን በጣት እየቆነጠሩ እኩል ማንጠብጠብ ይቻላል? ያውም በሐምሌ፣ እግር በሚውጥ መረሬ ላይ፣ ዝናቡ ፋታ በማይሰጥበት ሰሞን? ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሉ የሚለው ምክር እጅን ይረዳ ይሆናል፤ ወገብን ግን አያሳርፍም።

የመስመርን ጥቅም አልክድም። ጤፉ ሳይተፋፈግ ሲበቅል አገዳው ይጠነክራል፣ መጋሸቡ ይቀንሳል፣ ለሚያርመውም ሰው መግቢያ ይገኛል። በብተና ለሄክታር እስከ 50 ኪሎ የሚያፈሰው ገበሬ የሚበላ እህል እያባከነ ነው መባሉም ስህተት አልነበረም። ግን ይህ ሁሉ በረከት የመጣው ከመስመሩ ነው ወይስ ከዘሩ መቀነስ? ቁንጮን የመሰለ የተሻሻለ ዝርያ፣ ማዳበሪያና በወቅቱ የታረመ ማሳ በሠርቶ ማሳያው ላይ አብረው ሲገቡ፣ ምስጋናውን መስመሩ ብቻውን ለምን ወሰደ? ዘር ቀንሶ በብተና መዝራትስ ለምን እኩል አልተሰበከም?

በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ዘዴውን በስፋት ካስተዋወቀ ወዲህ፣ በየዜናው የምንሰማው «ይህን ያህል ሄክታር በመስመር ተሸፈነ» የሚል ነው። ስንት ኩንታል ተገኘ? በስንት ሰው ጉልበት? በገበሬዎች ማሳ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የምርቱ ጭማሪ በሙከራ ጣቢያ ከታየው በጣም ያነሰ፣ የሚጠይቀው ጉልበት ግን የበዛ መሆኑን አሳይተዋል። ታዲያ ገበሬው ባለሙያው የሚያየውን የመንገድ ዳር ማሳ በመስመር፣ የጓሮውን በብተና ቢዘራ፣ ኋላ ቀር ነው ወይስ ሒሳብ አዋቂ? (በቆሎ ላይ እንዲህ ያለ ክርክር አለመነሣቱ አይገርምም፤ የበቆሎ ፍሬ አንድ በአንድ ይያዛል።)

በሬ የሚጎትተው፣ ዋጋው የሚቀመስ፣ ጤፍን በልኩ የሚያፈስ መዝሪያ ገበሬው እጅ እስኪገባ ድረስ መስመር ምርጫ ይሁን፤ ኮታ መሆኑ ይቅር። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም በሚቀጥለው ሪፖርታቸው ከሄክታሩ ጎን አንድ ዓምድ ይጨምሩ፤ በአንድ ሰው የቀን ጉልበት ስንት ኪሎ ጤፍ ተገኘ?