ድንጋይ የጠጣ ውኃ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በዝዋይና በሻላ ሐይቆች መካከል ባለች አንዲት መንደር ከቦኖው አጠገብ ቆሜ የጀሪካኑን ወረፋ ስመለከት፣ ቧንቧውን የምትጠብቀው ሴት በብርጭቆ ቀድታ ወደ ፀሐይ አነሣችና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩት፤ መስተዋት አይመስልም?» አለችኝ። እውነትም ይመስል ነበር። ነገር ግን ከጎኗ የቆመው፣ 12 ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጇ እንግዳ አይቶ ሊሥቅ ሲል ፈጥኖ አፉን በመዳፉ ከደነ፤ በጣቶቹ መካከል የታየውም ጥርስ፣ ትምባሆም ጫትም ያልነካው ሆኖ ሳለ፣ እንደ አረጋዊ ጥርስ በልዞ ነበር። በቦኖው ግንብ ላይ የረጂው ስም፣ የጉድጓዱ ጥልቀትና የተመረቀበት ቀን የተጻፈበት ሰሌዳ ተለጥፏል።

ሥጋችን ከአርባዕቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ መሆኑን መምህራኑ ሲያስተምሩ መሬትንና ውኃን ለየብቻቸው ይቈጥሯቸዋል፤ በዚያች ብርጭቆ ውስጥ ግን ሁለቱ ዐይን ሊለየው በማይችል ተዋሕዶ አንድ ሆነው ነበር። ዝናም ከሰማይ ሲወርድ ከአየሩ፣ ይልቁንም ከአፈሩ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀበልና ጥቂት የአሲድነት ጠባይ ይይዛል፤ ይህን ይዞ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ለዘመናት ሲዘልቅ፣ ባለሞያ ሴት የማንቆርቆሪያዋን ነጭ ቅርፊት በሎሚ እንደምታሟሟው ሁሉ፣ እርሱም ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። የሚያሟሟው እንደ ድንጋዩ ዓይነት ነው፤ የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ይሰጠዋል፤ የስምጥ ሸለቆ ወለል ግን የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ባልጩትና ከእነርሱ ጋር የተዛመደ ድንጋይ የተከመረበት ስለሆነ ሶዲየምና ፍሎራይድ ይሰጠዋል፤ ከምድር በታች ያለው ሙቀትም ሥራውን ያፋጥነዋል።

ፍሎራይድ ጠባቂ ነበረው፤ እርሱም ካልሲየም ነው። ሁለቱ በበቂ መጠን በአንድ ውኃ ውስጥ ሲገናኙ ፍሎራይት የተባለው ማዕድን ሆነው በክሪስታል መልክ ስለሚረጉ፣ ካልሲየም በበዛበት ውኃ ፍሎራይድ እጅግ ሊበዛ አይችልም። ይሁን እንጂ በሸለቆው ያለው ውኃ ባይካርቦኔት የበዛበት በመሆኑ፣ ካልሲየሙ ወደ ፍሎራይድ ሳይደርስ ከካርቦኔቱ ጋር ተዋሕዶ ካልሳይት ይሆንና ይዘቅጣል፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ በአንድ ሳምንት የሚጋገረው ያ ነጭ ቅርፊት ከምድር በታች በዓለት ቀዳዳ የሚጋገረው በብዙ ዘመን ነው። ጠባቂው እንዲህ ሲሞት ፍሎራይዱ ያለ ከልካይ እየበዛ ይሄዳል። ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ቀለምም የለውም።

ጥርስና አጥንትም በበኩላቸው ማዕድን ናቸው፤ ካልሲየምና ፎስፌት ተዋሕደው በክሪስታል መልክ የረጉበት ሕያው ዓለት ልንላቸው እንችላለን፤ ፍሎራይድም ወደዚህ ዓለት ይሳባል። ጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል፤ ለጥርስ ሳሙና የሚጨመረውም ስለዚህ ነው። ቋሚው ጥርስ በድድ ውስጥ በሚሠራበት፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ሲበዛ ግን ገጽታውን ያበላሸዋል፤ ለረጅም ዘመን በብዛት የጠጣውም ሰው አንገቱና ጀርባው አልታጠፍ ይለዋል። በወንጂ፣ የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት፣ የጉድጓድ ውኃ በጠጡ ሠራተኞች ላይ ይህን ደዌ ሐኪሞች መዝግበውታል። እንግዲህ ነገሩ አዲስ ነው ብሎ ማመካኘት አይቻልም።

የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ጉድጓድ ሲቈፈር ጥልቀቱና በሰከንድ የሚያወጣው ሊትር በጥንቃቄ ይለካል፤ ፍሎራይዱ ግን ብዙ ጊዜ ወይ ሳይለካ ይቀራል፣ ወይም ተለክቶ ከቢሮ መዝገብ አይወጣም። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህን ቍጥር ከሚጠጡት ሰዎች መሰወር ምን የሚሉት በጎ አድራጎት እንደሆነ አይገባኝም። «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ምክርም ለተሕዋስያን መድኃኒት ይሁን እንጂ ለዚህ የባሰ ነው፤ ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ በተረፈው ላይ ይበረታልና።

መፍትሔ አልጠፋም፤ የሚገርመውም ጕዳቱ ከመጣበት ሕግ መምጣቱ ነው። የበሬ አጥንት አየር በሚያጥረው ምድጃ ተቃጥሎ ሲደቅቅና ውኃው በላዩ ሲያልፍ፣ የልጁን አጥንት ሊይዝ የነበረውን ፍሎራይድ የበሬው አጥንት ቀድሞ ይይዘዋል። በአንዳንድ መንደሮች ተሞክሯል፤ ይሠራልም። ነገር ግን አጥንቱ የሚይዘውን ይዞ ሲጠግብ ምንም ምልክት አያሳይም፤ የሚለውጠው ሰው ከረሳ ውኃው እንደ ቀድሞው ጠርቶ፣ እንደ ቀድሞውም መርዝ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ፣ ወጪው ቢከብድም፣ ማጣሪያ አድሎ ከመሄድ ይልቅ ፍሎራይዱ አነስተኛ መሆኑ የተረጋገጠውን የደጋ ምንጭ በቧንቧ ማውረድ በሚቻልበት ስፍራ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ያ እስኪሆን ድረስ ደግሞ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ እርሱም በየቦኖው ሰሌዳ ላይ የፍሎራይዱ ልክና የተለካበት ዓመት ይጻፍ የሚል ነው። ሴትዮዋን «ይህ ውኃ ስንት አለው?» ብዬ ስጠይቃት ጥያቄው የገንዘብ መስሏት የጀሪካኑን ዋጋ ነገረችኝ። ሰሌዳውን ቀረብ ብዬ አየሁት፤ ከምረቃው ቀን በታች አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለው።