ባሕርን መጀመሪያ የት እንየው?



ሰሞኑን ቆቦ ላይ ተሰብስበን «ቅዳሜና እሁድን ውሃ ዳር እንዋል» የሚል ጨዋታ ተነሳ። አንዱ ባሕር ዳር አለ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ደግሞ ምጽዋ ብሎ አሳቀን። የትራንስፖርት ሒሳብ ሲሠራ ሁሉም ዝም አለ። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ «እኔ ባሕር አይቻለሁ፣ ይበቃኛል» አለ። ያየው ኦቦክ ላይ ነው፤ በሌሊት፣ የደላላ ጀልባ ሲጠብቅ።

እውነት ለመናገር ለራያ ቆላ ልጅ ባሕር የመዝናኛ ስም አይደለም። ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬ ወጥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ የሚሻገርበት ውሃ ነው። ስንቱ እዚያው ቀረ፣ ስንቷ እናት የልጇን ቀብር ሳታውቅ ለቅሶ ተቀመጠች። አላህ ይዘንላቸው።

ስለዚህ የኛ ሐሳብ አሸንጌ ሐይቅ ነው። በዋጃ አልፈን አላማጣ፣ ከዚያ የግራካሱን ጠመዝማዛ ወጥተን ኮረም፣ ከኮረም ትንሽ እልፍ ብሎ ሐይቁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት የሚያስገባ ጉዞ ነው። ይህን ያህል ቀርቦን አብዛኞቻችን አላየነውም።

ታሪኩንስ ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1542 ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ከዘቢድ በመጡ የኦቶማን ነፍጠኞች ታግዘው ፖርቹጋሎቹን ያሸነፉት እዚሁ ሐይቁ አቅራቢያ፣ ወፍላ ላይ ነው። የተማረከውና የተገደለው አዛዥ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ የዚያ የባሕረኛው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነበር። አባቱ የሕንድን የባሕር መንገድ ከፈተ፣ ልጁ ምጽዋ ወርዶ እኛ ደጋ ላይ ቀረ። ኢማሙ ግን ከድሉ በኋላ አብዛኞቹን ነፍጠኞች ሸኟቸው፤ ዓመት ሳይሞላ እ.ኤ.አ. በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተገደሉ። መጋቢት 1928 ዓ.ም. ደግሞ ከማይጨው የሚያፈገፍገውን የኢትዮጵያ ጦር የጣሊያን አውሮፕላን በቦምብና በመርዝ ጋዝ የጨፈጨፈው በዚሁ ሐይቅ ዙሪያ ነው። እዚያ ያለቀው ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው። ሐይቁን ስናይ ፎቶ ብቻ ይዘን እንዳንመለስ የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። ከሁሉም በፊት መንገዱን ጠይቁ፤ በዋዜማው ከዚያ የመጣ ሾፌር ከማንም ይበልጥ ያውቃል። «ዛሬ አትሂዱ» ካለ አትሂዱ፣ ሐይቁ የትም አይሄድም። ሱብሒን ሰግዶ መነሳት ነው። ከቆቦ ሙቀት የወጣ ሰው ደጋው ላይ ይንቀጠቀጣልና ጃኬት ወይም ጋቢ ይያዝ። ርቀቱ ብዙ ዑለማዎች ለሰላት ማሳጠር ከሚጠቅሱት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለማይደርስ ዙህርን አሳጥራችሁ ከመስገዳችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ። ዋና የምትሉ ደግሞ ተዉት። እኛ መንቦጫረቅ የለመድነው ጎሊና ወንዝ ላይ ነው፣ እሱም ጉልበት ሲደርስ።

እህቶቻችንንም አንርሳ። ጉዞ ሲታሰብ ሁልጊዜ የወንዶች ሚኒባስ ብቻ ይሞላል፣ እነሱ ምሳ ቋጥረው ይሸኙናል። እናትና ታላቅ ወንድም የያዘ ሁለተኛ መኪና ቢዘጋጅ የትኛው ቤተሰብ እምቢ ይላል?

ወጪውን በነፍስ ወከፍ ስናሰላው ለደላላ የመጀመሪያ ክፍያ ከሚባለው ጋር አይወዳደርም። ያ ኦቦክን ያየው ጓደኛችን መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ትናንት ደውሎ «ውሃው ጨው ነው ወይስ ጣፋጭ?» ብሎ ጠየቀን። ሄደህ ቅመሰው አልነው። ኢንሻአላህ ቅዳሜ ከመናኸሪያው በር ላይ እንጠብቀዋለን።