ክፍሎቹን ማታ ክፈቱላቸው

ፋይናል ሲቃረብ ከራት በኋላ ላይብረሪ ሄዶ መቀመጫ የሚያገኝ ተማሪ ወይ ራቱን ትቷል፣ ወይ ቦታ የሚይዝለት ወዳጅ አለው። ሌላው በወንበሮቹ መካከል እየተሽሎከለከለ የሰው ዕቃ ሲያይ ያመሻል። እዚህ ሃንድአውት፣ እዚያ ቻርጀር፣ ወዲያ ማዶ ሹራብ ቦታ ይዘው ያጠናሉ፤ ባለቤቶቹ ላውንጅ ሻይ ላይ ናቸው።

መፍትሔው ድሮም የታወቀ ነው፤ ስፔስ መግባት። ካምፓስ ላልኖረ አንባቢ፣ ማታ ትምህርት የሌለበትን ክፍል ፈልጎ እዚያ መቸከል ማለት ነው። ስድስት ኪሎ ስማር ኬኔዲ ላይብረሪ ሲሞላ መሸሻችን ኦሲአር እና ኤንሲአር የሚባሉት የመማሪያ ሕንፃዎች ነበሩ። ቀን ሌክቸር ስንሰማ የዋልንበት ክፍል ማታ የራሳችን ይሆናል። ስታትስቲክስ በደንብ የገባኝም (አስተማሪዬ አይቀየሙኝ) እዚያ ነው።

ዛሬ ስታትስቲክስ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ። ክፍሎች ማታ መቆለፍ ሳይጀምሩ፣ አንድ ቀን ጠዋት ክፍል ስገባ ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር በሃይፖተሲስ ጥያቄዎች ተሞልቷል። ታች ጥግ ላይ በትልልቁ "እባካችሁ አታጥፉት፣ ማታ እንመለሳለን" ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ የመቀነስ ምልክት ዘለዋል። ምልክቷን ጨመርኩላቸውና የቀረችኝን ጠባብ ቦታ እየደመሰስኩ አስተማርኩ።

ላይብረሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። እዚያ ዝም ማለት ነው ደንቡ፤ ልክም ነው። ግን ሁሉም ጥናት በዝምታ አይሆንም። የእኛ አገር ትምህርት ድሮም ድምፅ ያለው ነው፤ የቆሎ ተማሪውም ሆነ የቁርኣን ደረሳው ጮክ ብሎ እየደገመ ነው ያደገው። ስፔስ ውስጥም አንዱ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ያስረዳል፣ ሌላው "ቆይ፣ እንደሱ አይደለም" ብሎ ጠመኔውን ይቀማዋል። ማየት የተሳነውን ተማሪ ደግሞ አስቡት። ጓደኛው ሃንድአውቱን ድምፅ አውጥቶ ሊያነብለት ሲሞክር ላይብረሪ ውስጥ ከየአቅጣጫው "እሽሽ" ይባላል። ዶርም እንዳይሄዱ፣ ስድስት ስምንት ሆነው በሚያድሩበት ክፍል አንዱ ተኝቷል፣ ሌላው ሙዚቃ ከፍቷል። የሚተርፋቸው ያው ስፔስ ነው።

እኛ ዘንድ ግን አሁን ስፔስ ቀርቷል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የኤክስቴንሽን ትምህርት ከሌለበት በቀር ክፍል ሁሉ ይቆለፋል። የኤክስቴንሽን ተማሪዎቼን ጨርሼ ስወጣ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ መብራታቸው በርቶ በራቸው የተቆለፈ ክፍሎች አያለሁ። ደረጃው ላይ ልጆች በስልክ ባትሪ ያነባሉ። አንድ ምሽት አንዷ ተማሪ ጥበቃውን "ጋሼ፣ በእናትህ አንድ ሰዓት ብቻ" ስትላቸው ሰማሁ። "ልጄ፣ እኔ መቼ ጠላሁ? ቁልፉን ኃላፊው ይዞት ሄዷል" አሏት። ክፍል ሞልቷል፤ ክፍል የሚከፍት ነው የጠፋው።

ኃላፊዎቹ ምክንያት የላቸውም አልልም። ፕሮጀክተር ይሰረቃል፣ ወንበር ይሰበራል፣ መብራት ሲበራ ያድራል፣ ጥንዶች ጨለማ ክፍል ይገባሉ ይላሉ። መብራቱማ ተቆልፎም በርቶ ያድራል። የቀረው በቀላሉ መላ ይገኝለታል። ፕሮጀክተሩ በብረት ሳጥን ይቆለፍ። ሕንፃው ሁሉ ይከፈት ያለም የለም፤ ምድር ቤቱ ብቻ ይበቃል። መግቢያው ላይ መታወቂያ ተይዞ ስም ይመዝገብ፣ ፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች) በፈረቃ ይዙሩ። ለጥንዶቹ ሲባል ደግሞ መቶ ቸካይ ደረጃ ላይ አይቀመጥም። ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያሻው መንገዱ ነው። ከክፍል እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ ጨለማ ከሆነ፣ የተከፈተው ክፍል ለወንዶች ብቻ ተከፈተ ማለት ነው።

የመቀመጫ እጥረቱ ዛሬ የባሰውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። የጂሲ (ተመራቂ) ተማሪ የዓመታት ኮርሱን እንደገና ሊከልስ ላይብረሪ ሲሰፍር ታናናሾቹ ውጭ ይቀራሉ። የአዲስ አበባ ልጅ ቢጠበው ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት አለለት፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮም አራት ኪሎ አብርሆት ተከፍቶለታል። የእኛ ተማሪ ከግቢው ቢወጣ የሚያገኘው ካፌ ነው፤ ካፌው ደግሞ ያለ ማኪያቶ አያስቀምጥም።

አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተዋል፤ ስድስት ኪሎ ግቢ የምንለው ያንኑ ነው። ቤተ መንግሥት በተሰጠበት አገር የአንድ ክፍል ቁልፍ ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም።

ስለዚህ ልመናዬ ለዲኖችና ለተማሪ አገልግሎት ኃላፊዎች ነው። ለዚህ ሴሚስተር አንድ ብሎክ፣ ምድር ቤቱን ብቻ፣ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ክፈቱና ሞክሩት። ወንበር ከተሰበረ መዝገቡ ስለሚናገር ሰባሪውን ጠይቁ። ተማሪዎችም ስትወጡ መብራቱን አጥፉ።